አቶ አርንፊን ጎማ ሲመርጡ

አቶ አርንፊን ተንበርክከው የአሮጌ ጎማቸውን ጥርስ በሳንቲም እየለኩ ነው። ሳንቲሙን በጥርሶቹ መካከል ይሰኩታል፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መልሰው ያወጡታል፣ በሱሪያቸው ይጠርጉታል፣ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ይሉና ደግመው ይሰኩታል። አንዱን ጎማ ዞረው ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ዝናቡ ጀርባቸው ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን አልሰሙትም።

በኖርዌይዋ በርገን ከተማ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም። አለ የሚል ካለ ቤቱን ሸጦ ወደዚያ ይግባ፤ ሰላም ያገኛል። በዚህ ከተማ በጋ የሚባለው ዝናቡ ትንሽ ሞቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የበጋ ጎማ የሚገዛ ሁሉ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ምን ያህል ይይዛል ብሎ ይጠይቃል። ጠይቆም ይገዛል። አቶ አርንፊን ግን አይገዙም። ይመርጣሉ።

ምርጫው የሚጀምረው በመጋቢት፣ የመኪና መጽሔቱ የዓመቱን የጎማ ፈተና ይዞ ሲወጣ ነው። ክቡርነታቸው የአሥራ አንድ ዓመት መጽሔት ምድር ቤት ውስጥ በገመድ አስረው አስቀምጠዋል። በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ሠንጠረዥ ያሰምራሉ፤ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ የትኛው ጎማ በስንት ሜትር እንደሚቆም እስከ ሳንቲ ሜትሩ ይጽፋሉ። ሠንጠረዡ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል። ወተት ፈልጎ የመጣ ሰው ሳያነብ አይከፍትም።

ይሄ በቤት ቢቀር መልካም ነበር። አንድ ቀን ከገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት የማያውቋት ሴት መኪና ሥር ጎንበስ ብለው ሳንቲማቸውን ሲሰኩ፣ ሴትዮዋ ዕቃዋን ታቅፋ ደረሰች።

«ምን ጠፋብህ አባት?»

«እኔ ምንም አልጠፋብኝም። ያንቺ የፊት ግራ ጎማ ግን ሁለት ሚሊ ተኩል ነው የቀረው። ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ እንጃ። ይቆምልኛል እኮ።»

«ደረቅ ላይማ ማንም ይቆማል!» አሉ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ገበያዋን ሌላ ሰፈር አድርጋለች ይባላል። የጎረቤታቸው ቀብር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ እሳቸውም ደፍተው ነበር፤ የሚያዩት ግን የአስከሬን መኪናውን የኋላ ጎማ ነው። ቄሱን ጠጋ ብለው፣ «ሟቹ በሕይወት ቢኖር በዚህ ጎማ አይሳፈርም ነበር» አሏቸው። ቄሱ አሜን አሉ።

ወይዘሮ ራንዲ ከእኚህ ሊቅ ጋር አርባ ስድስት ዓመት ኖረዋል። የሰው መሳቂያ መሆንን ለምደውታል። በዚህ ዓመት ግን ነገሩ ከመሳቂያነት አለፈ። በግንቦት ሁለተኛው እሁድ፣ ከተራራው ማዶ ኦዳ ከተማ የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ቱቫ ከእኩዮቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን ቆማ እምነቷን የምታጸናበት ቀን ነው። ራንዲ ለዚያ ቀን የሚለበሰውን የባህል ቀሚስ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ሲጠልፉ ከርመዋል። ቀሚሱ አልቆ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ኦዳ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የእሁዱ የመጀመሪያ አውቶቡስ የሚደርሰው ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ባለሚስማሩን የበረዶ ጎማ ከፋሲካ በኋላ መፍታት ሕግ ስለሆነ፣ መኪናዋ ያረጁትን የበጋ ጎማዎች አጥልቃ ደጅ ቆማለች።

«በነዚህ ጎማዎች ተራራ አላሻግርሽም» አሉ አቶ አርንፊን።

«እንግዲያው አዲስ ግዛ!»

«እየመረጥኩ ነው።»

«ከመጋቢት ጀምሮ? ልጅቷ እኮ ቀሚሷን እየጠበቀች ነው!»

«ጎማ እንደ ባል አይደለም ራንዲ። ተጣድፈሽ አታነሺውም።»

«ልክ ነህ። በባል ተጣድፌ አየሁት።»

ሐሙስ ዕለት ምርጫው ተፈጸመ። አቶ አርንፊን ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጎሚስታዋ ሲሪ ዘንድ ደወሉ። ሲሪ እየሳቀች፣ «ጋሽ አርንፊን፣ እሱማ ካለቀ ሦስት ሳምንቱ! መጽሔቱ አንደኛ ያለውን ከተማው በሙሉ ተሻምቶ ወሰደው። ባንተ ልክ የቀሩኝ ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው» አለች። ከተማው በሙሉ ያንኑ መጽሔት እንደሚያነብ፣ እርጥብ መንገድም የሁሉም እንደሆነ፣ ሊቁ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስበውት አያውቁም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ራንዲ እምነት ስላጡ አብረው ወደ ጎሚስታዋ ሄዱ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ወጥታለች፤ አራቱም ጎማ ከነቸርኬው ተፈቷል። ሁለቱ ዓይነት ጎማ ጎን ለጎን ቆሟል። አቶ አርንፊን ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ፤ አውራ ጣታቸውን ያሻሉ፤ የተለጠፈውን ወረቀት ያነባሉ።

«ይሄ እርጥብ ላይ ከዚያኛው በአንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ይቆማል» አሉ።

«ጨረስን!» አሉ ራንዲ ከወንበሩ ብድግ ብለው። «ሲሪ፣ እሱን እሰሪልን። አንተ ደግሞ ሩጥ፤ ብር አንጥረኛው በስምንት ሰዓት ይዘጋል። የቱቫን ቀሚስ አንገት የሚቆልፈውን የብር ጌጥ ጠርጎ ጨርሷል፤ ተቀበልልኝ።»

«እሺ። ግን ይሄኛው ይጮኻል።»

«ማን ነው የሚጮኸው? እኔ ነኝ የምጮኸው!»

«ጎማው። ሦስት ዴሲቤል ይበልጣል።»

«ጋሽ አርንፊን፣» አለች ሲሪ መፍቻዋን እያስቀመጠች፣ «አንተ ስለ ድምፅ ጠይቀህ ታውቃለህ እንዴ? ሁልጊዜ ደረቅ ላይማ ማንም ይቆማል አይደል የምትለው?»

አቶ አርንፊን አንገታቸውን አከኩ። «ራንዲ ከኦዳ በተመለስን ቁጥር የመስሚያ መሣሪያዋን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ሁለት ቀን ጨለማ ክፍል ትተኛለች። የመንገዱ ድምፅ በመሣሪያው ገብቶ ጭንቅላቷን ይመታዋል። ከመጋቢት ጀምሮ እንደ አንደኛው የሚቆም፣ የማይጮኽ ጎማ ነው የምፈልገው። የለም። አልተሠራም።»

ራንዲ መልሰው ተቀመጡ። ስለ መሳቢያው ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ይሄ ሰውዬ ከጎማ በቀር የሚያየው ነገር የለም ብለው ነበር።

«ለኔ ብለህ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለራሴም ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ምርጫዬን ላስረዳሽ አስቤ ካልሰማሽኝ ለማን ልናገር?»

ሲሪ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ስለ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የፍሬን ርቀት ከወንድማቸው ጋር አንድ የገና በዓል ሙሉ የተኳረፉት ሰው፣ ዝምተኛውን ጎማ በእጃቸው እየገፉ አመጡላት። «ይሄን እሰሪ» አሉ። «አንድ ሜትር ከአሥሩን በዝግታ ነድቼ እከፍለዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከሲሪ ራስ ላይ አልወረዱም። ብሎን በብሎን፣ ነፋስ በነፋስ፣ ጎማው ወደየት እንደሚዞር የሚያመለክተውን ቀስት ሳይቀር በጣታቸው እያሳዩ አስቸገሯት። ራንዲም ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ አልነቀሉም። ሰዓቱን ማንም አላየም።

እሁድ ሲነጋጋ ዝናብ ውስጥ ተነሡ። አቶ አርንፊን በየመታጠፊያው ከሕጉ በታች እየነዱ፣ ከኋላቸው አሥራ አራት መኪና አሰልፈው፣ ስለ ጎማ አንድ ባንድ አስረዱ። ራንዲ እያንዳንዱን ቃል ሰሙ፤ ግማሹን በመስኮት ሸኙት፤ ግማሹ ግን ደስ አሰኛቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። ቱቫ ቀሚሱን ለብሳ ከራንዲ ቀሚስ በተፈታ የብር ጌጥ አንገቷን ቆልፋ ወደ መሠዊያው ስትሄድ፣ ራንዲ ከፊት ወንበር ላይ የራሳቸውን ቀሚስ አንገት በመርፌ ቁልፍ አያይዘው አለቀሱ።

የቱቫ ጌጥ ተጠርጎ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በርገን በብር አንጥረኛው መሳቢያ ውስጥ የሚቀበለው ሰው ይጠብቃል።