ማስተር ዳኒና የባለቤቴ ወገብ

ቅናተኛ ሰው ወሬውን የሚጀምረው «እኔ እንኳ አልቀናም» ብሎ ነው። ስለዚህ እኔም በወጉ ልጀምር፦ እኔ እንኳ አልቀናም።

ባለቤቴ ስንዱ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስትጽፍ ስትጽፍ ወገቧን ያዛት። ሐኪሙም ወጌሻውም ጸበሉም ሦስት ዓመት አመላለሷት። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዮጋ የሚያስተምር ሰው ዘንድ ወሰደቻት። በወሩ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ደስ አለኝ። የአስተማሪውን ስም እስክሰማ ድረስ።

ዳኒ! በልጅነታችን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ኩንግ ፉ አብረን የጀመርነው ዳኒ። እኔ አፍንጫዬን ስመታ ተውኩት፤ እሱ ቀጠለ። አሁን ጠዋት ጎረምሶችን ኩንግ ፉ ያሠለጥናል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ደግሞ ኩንግ ፉውን ከዮጋ ጋር አዋህዶ የወገብና የአንገት ሕመምተኞችን ያስተምራል። «ማስተር» ነው የሚሉት።

ከዚያ ወዲያ እራታችን በማስተር ተጀምሮ በማስተር የሚያልቅ ሆነ። «ማስተር እኮ ጨርሶ አይቆጣም» ትለኛለች ስንዱ። የሚቆጣው ማን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል።

አንድ ረቡዕ «ባለቤቴን ልወስዳት ነው» የምትል ሰበብ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሃያ የሚሆን ሰው በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ዳኒ ደግሞ ከስንዱ ጀርባ ሆኖ፣ እንዳትወድቅ መዳፉን አዘጋጅቷል። አልነካትም፤ ስንዝር ያህል ይርቃል። እኔ ግን ስንዝሯ አልታየችኝም።

«እጅህን ሰብስብ!» ብዬ ጮኽኩ። ሃያውም ሰው ተንገዳገደ።

ዳኒ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «እንዴ! አንተ ነህ እንዴ? ጫማህን አውልቅና ግባ!»

ደስታው የባሰ አናደደኝ። ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል።

«ኩንግ ፉው ቀርቶ እንቅልፍ ታስተምራለህ አሉ» አልኩት።

«ና እስኪ ግፋኝ» ብሎ በአንድ እግሩ ቆመ።

ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ትንሽ ዘወር አለ፤ በቃ። በግንባሬ ወደ ወለሉ ስወርድ ክንዴን ያዘኝና፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ፣ «ትንፋሽህን ይዘኸዋል፤ ልቀቀው» አለኝ። ለካ ደረጃውን ስወጣ ጀምሮ ይዤው ኖሯል።

ከስንዱ ጋር ወጥተን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምን።

«ሦስት ዓመት ወገቤን ስልህ» አለች ወደ ፊት እያየች፣ «ሐኪም ቤት አንድ ቀን አብረኸኝ ሄደሃል? ለቅናት ሲሆን ግን ሦስት ፎቅ ወጣህ።»

በሳምንቱ ቦርሳዋን ይዤላት አብረን ወጣን፤ እኔም ተመዘገብኩ። ዳኒ ያለፈውን አንዴም አላነሳብኝም።

ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ። ባለፈው ረቡዕ ዳኒ ሁላችንንም አስቆመና፣ «ስንዱን እዩ! መተንፈስ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ባለቤቴ አይደለች! ግን እስኪ እናንተው ፍረዱኝ፦ ሦስት ወር ሙሉ እዚያው አጠገቧ ስተነፍስ፣ እኔን ዞር ብሎ ያየኝ አለ?