በዝምድና የተደረሰ ዜማ

ዜማ ከሰማይ ይወርዳል የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ እሑድ ነቀምቴ ኑና የቤተ ክርስቲያናችንን ኳየር ስሙ። የእኛ ዜማ የሚመጣው ከዝምድና ነው።

ዜማ ደራሲያችን ገመቹ በአራት ድምፅ ይጽፋል፤ ለሴቶቹ ቀጭኑ ሶፕራኖና ወፍራሙ አልቶ፣ ለወንዶቹ ቀጭኑ ቴነርና ወፍራሙ ባስ። አልቶ የምትዘምር ልጅ ባጨ ጊዜ ዋናው ዜማ ወደ አልቶ ሄደ። ሲለያዩስ? አልቶዎቹ ሦስት ገጽ ሙሉ «እምምም» እያሉ ቆሙ። ቴነሮቹ እንደ እሱ የዲጋ ወረዳ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ያለ ቴነር ሶሎ ያለቀ መዝሙር የለንም።

እኔ ባስ ነኝ። የገመቹ የልብ ጓደኛ ብሆንም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የደረሰኝ መጨረሻ ላይ ያለው «አሜን» ብቻ ነው። ታዲያ ጓደኝነት ምን ይሠራል? አላኮርፍም?

ደግነቱ ገመቹ እህቴን አገባ። እኛ ጋ ደግሞ አማች፣ በኦሮምኛው ሶዳ፣ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። እናቴ ገና በመጀመሪያው ግብዣ «ሶዳ ኮ፣ ልጄ ብቻውን ሲዘምር ሳልሰማ ልሙት?» አለችው፤ «ሶዳ ኮ» «አማቼ» ማለት ነው። አማት እምቢ ትባላለች? ለገና አንድ ረጅም የባስ ሶሎ ጻፈልኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ የአንገር ጉቲን መንገድ ሆነ፤ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይቆማል። ሕፃናቱ ሳቁ። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። እናቴ ብቻ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ስንወጣ ገመቹ ትከሻዬን አቀፈኝ።

«ሶዳ ኮ» አለኝ፣ «ጓደኛዬ ብቻ ሳለህ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ከሰው ጆሮ ሸሽጌህ ነበር።»