የተሰበረ ቅልጥምና የሳተላይት መልእክት

ወንድ ልጅ ቀበቶው ላይ አንድ ነገር ሲያንጠለጥል አረማመዱ እንደሚለወጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በመሥሪያ ቤት ዕድሜዬ ስንቱን አየሁ። መጀመሪያ የቁልፍ ዘለላ ነበር፤ የአንዲት መጋዘን ቁልፍ የያዘ ሰው ምንም የማይከፍቱ ሌሎች ቁልፎች ጨምሮበት እየተንሿሿ ይሄዳል። ቀጥሎ የቆዳ ማኅደር የለበሰ ሞባይል መጣ። ከዚያ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፍላሽ፤ ውስጡ የአንድ ዘመድ ሰርግ ቪዲዮ ብቻ ያለበት። ዕቃው ይለዋወጣል፣ ሰውየው ያው ነው። ደረቱ ብቻ በየጊዜው አንድ ስንዝር ወደፊት ይወጣል።

የኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሳተላይት አመጣ።

ሳተላይቱን ራሱን ማለቴ አይደለም፣ እሱ እዚያው ሰማይ ላይ ነው። የመጣችው መዳፍ የምታህል ብርቱካንማ ዕቃ ናት። የስልክ ኔትወርክ የሌለበት ቆላ ውስጥ ሆናችሁ ጥቂት ቃላት ስትጽፉባት መልእክቱን ወደ ላይ ትልከዋለች፣ ከላይ ደግሞ ንፋስ መውጫ ያለው ቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ይወርዳል። ጎኗ ላይ ክዳን ያላት ቀይ ቁልፍ አለች። እሷ ስትጫን የነፍስ አድን ጥሪ ይተላለፋል ተባልን። ይህን የተባልነው የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ነው። ከሁለቱ ቀን አንድ ቀን ተኩሉ ያለቀው ስለ ዕቃዋ አያያዝ ነበር፤ እንዳትወድቅ፣ እንዳትረጥብ፣ እንዳትጠፋ። ስለ ሰው መውደቅ የተነሣው ከመጨረሻው የሻይ ዕረፍት በኋላ ነው፤ እሱም ባጭሩ።

ከመጡት አራት አንዷን ፈርሞ የተረከበው ባልደረባዬ ደምሴ ነው። ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደንብ አክባሪ ነው። በተረከባት ቀን ቀበቶው ላይ ሰካት፤ ከዚያ ወዲያ ከባጃጅ ሲወርድ እንኳ አንጋጦ ሰማይ ሳያይ አይራመድም። ምሳ ቤት ስንገባ በረንዳ ካልተገኘ አይቀመጥም። "ሰማይ ትፈልጋለች" ይላል። አንድ ቀን ኔትወርክ ሞልቶ በተረፈበት ከተማ መሀል "ሽሮ አዝዘን እየጠበቅን ነው" ብሎ ለቢሮ ሲልክ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሮው ከመንገዱ ማዶ ነው።

የካቲት ላይ ሁለታችን ወደ ታች ጋይንት ወረድን። ሥራችን ምንጭ መለካት ነው፤ ባልዲ ደቅኖ፣ ሰዓት ይዞ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ መመዝገብ። መኪናዋን አርብ ገበያ ትተን ወደ በሽሎ የሚወርደውን ቁልቁለት በእግራችን ተያያዝነው። ደምሴ ገደል አፋፍ ባገኘ ቁጥር ይቆምና "በሰላም እየወረድን ነው" ብሎ ይልካል። ባልዲውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ምንጭ ጋ ስንደርስ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ውኃ እየቀዱ ነበር። እትዬ ጥሩዬ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከምንጩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሰላምታ እንደተለዋወጥን፣

"በዚያ በኩል ድንጋዩ ያዳልጣል፤ በዚህ ዙር ልጄ" አሉኝ።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያው ሄድኩ።

የቅልጥሜ ድምፅ ጉልበት ላይ እንደሚሰበር ደረቅ ጭራሮ ነበር። ቀጥሎ የሰማሁት የራሴን ጩኸት ነው። ቁልቁል ሳይ እግሬ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ዓይኔ ጨለመብኝ።

"ደምሴ! ቁልፏን ተጫናት!"

ደምሴ ፊቱ አመድ መስሏል። ግን ክዳኑን በመክፈት ፈንታ ከቦርሳው የሥልጠናውን ወረቀት አወጣ።

"ቆይ አንዴ… 'ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሲደርስ ብቻ' ነው የሚለው። ትንፋሽህ እንዴት ነው?"

"ትንፋሼ ደህና ነው! እግሬ ነው እንጂ!"

"እኮ። ትንፋሽህ ደህና ነው።"

ያን ጊዜ ዱላ በእጄ ቢኖር ለእሱም ሕይወት የሚያሰጋ ነገር በተፈጠረ ነበር። ብዙ ካወጣና ካወረደ በኋላ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ቀዩን ቁልፍ ለመጫን ፈቃድ እንዲሰጠን ለቢሮው ማመልከቻ ይጽፍ ጀመር። ዕቃዋ የኛን ፊደል ስለማታውቅ አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል፣ አንዷን ሆሄ ሦስት ጊዜ እየነካ ነው የሚጽፈው። "ለተከበሩ" ብሎ እንደጀመረ ከትከሻው በላይ አይቻለሁ።

እትዬ ጥሩዬ እስከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው፣ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ፈልገው እግሬን ግራና ቀኝ እያሰሩልኝ ነበር። ቀና ብለው ደምሴን አዩትና፣

"ይኼ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?" አሉኝ።

"እርዳታ ሊጠራ ነው። ፈቃድ እየጠየቀ ነው።"

"ለመጮህ? ለመጮህ ፈቃድ?" አሉ። ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩት። አለማሾፌ ሲገባቸው ተነሡ፣ አለቱ ጫፍ ላይ ወጡ፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ማዶ ተጣሩ።

"አያ በላይ ሆይ! ሰው ወድቋል! ቃሬዛ ይዛችሁ ድረሱ!"

ከማዶ አንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ያንን ደግሞ ከላዩ ያለ ሌላ ድምፅ ተቀበለው። የደምሴ ዕቃ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች ሰማይ ስትፈልግ፣ ስምንት ጎልማሶች ቃሬዛ ይዘው ቁልቁለቱን ሲንደረደሩ ይታዩኝ ነበር። ጭድ ሲከምሩ የነበሩ ናቸው፤ ብናኙ ከፀጉራቸው አልረገፈም። ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። መታወቂያም አልተባልኩም።

አራት አራት ሆነው እየተቀባበሉ ዳገቱን ተያያዙት። እኔ በያንዳንዱ እርምጃ እጮሃለሁ፣ እነሱ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉኛል። ዳገቱን እንዳጋመስን የደምሴ ወገብ ጢው አለ።

"ቁሙ! ቁሙ! መልስ መጣ!"

ቃሬዛውን ቀስ ብለው አወረዱት። ደምሴ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"ምን አሉ? እየመጡ ነው?" አሉት አያ በላይ፣ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ደምሴ ዓይኑን ከዕቃዋ ሳያነሣ፣ "ጥያቄያችሁ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል ነው የሚለው" አለ።

አያ በላይ ትንሽ አሰቡ። ያ ክፍል ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ የገመቱ ይመስለኛል።

"እንግዲያ አንሡ" አሉ ለልጆቹ።

ጀንበር ሳትጠልቅ መኪናችን ጋ አደረሱኝ። በማግስቱ ደብረ ታቦር ሆስፒታል እግሬ በጀሶ ተጠቀለለ። ያሰረልህ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም አለኝ ሐኪሙ። ሰው አይደለም፣ ሴትዮ ናቸው አልኩት፤ ሕመም አፍ ያዛባል።

ወር ሳይሞላ ቢሮው ሪፖርት አወጣ። "የሳተላይት መልእክት ባስቻለው ፈጣን ርብርብ የባልደረባችን ሕይወት ተርፏል" ይላል። ፎቶ ያስፈልጋል ተባለና ክራንቼን ተደግፌ፣ ዕቃዋን በእጄ ይዤ፣ ከደምሴ ጎን ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በል አለኝ። በደምሴ ስስቅ የሰነበትኩት እኔ፣ እውነቱን የማውቀው እኔ፣ ፈገግ አልኩ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

ጥቅምት ላይ መራመድ ስችል ለእትዬ ጥሩዬ አንድ ጋቢ፣ ለእነ አያ በላይ ደግሞ ስኳርና ሳሙና ይዤ ወረድኩ። እትዬ ጥሩዬ ባጎነበስኩበት ግንባሬን ሳሙኝ። እግሬን እንደ በግ ዳበሱት፣ ገጥሟል አሉ። የቤቱን ሰው ሁሉ ደህንነት ጠየቅኳቸው።

"ምራቴ ሐምሌ ላይ ምጥ ይዟት ነበር። እንዳንተው ተጣራን፣ እንዳንተው አነሡልን፣ በዚያው ቃሬዛ። አንተን ሲያነሡህ ደረቅ የነበረው ወንዝ ሞልቶ፣ እስኪጎድል ግማሽ ቀን ዳር ላይ ተቀመጥን። እሷ ተርፋለች፣ ተመስገን። ልጁ አልሆነም።"

 እሳቸው ጋቢውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ዝግ ብለው ጠየቁኝ።

"ያ ጓደኛህ የያዘው ነገር… እናንተ ስትመጡ ብቻ ነው የሚሠራው?"

"ለሠራተኛ ነው የሚሰጠው፣ እትዬ" አልኩ። ስናገረው አፌን መረረኝ።

ንፋስ መውጫ እንደተመለስኩ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ካሉን አራት ዕቃዎች አንዷን ጤና ኬላ ሠራተኛዋ ዘንድ፣ እዚያ ቆላ ውስጥ ብናስቀምጥ፣ ቀዩን ቁልፍ ስትጫን አምቡላንሱ ወንዙ ማዶ ድረስ ቢመጣ አልኩ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ሐሳብህ ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ይኼ ዕቃ ሰው በማይኖርበት አካባቢ ለሚንቀሳቀስ ሠራተኛ ተብሎ የመጣ ነው።"

"እዚያ እኮ ሰው ይኖራል። ስምንት ሆነው ነው የተሸከሙኝ።"

ኮምፒውተራቸውን ወደኔ አዞሩትና ካርታውን አሳዩኝ። እውነትም ባዶ ነው። የእነ አያ በላይ አውድማ፣ የእትዬ ጥሩዬ ጉብታ፣ ማዶ ለማዶ የሚቀባበሉት ቤቶች ሁሉ ያሉበት ነጭ ነው። በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል አንዲት ቀይ የአደጋ ነጥብ ብቻ አለች።

"ይቺ ማን ናት?" አልኳቸው።

"አንተ ነህ" አሉኝ።