የጋሽ ላጲሶ ቀይ ሪባን

የሬዲዮአችን ስፒና የተቆረጠው በ1970 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን ነው። ነው እላለሁ እንጂ አልምልም። ኅዳር 12 የምለው ሰፈሩ በጢስ ታፍኖ እንደነበር ስለማስታውስ ነው፤ ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ «የምን ኅዳር! ጥር ነው። ያሸተትሽው የአባትሽን ጋቢ ነው» ትለኝ ነበር። ምናልባት ልክ እሷ ትሆናለች። በዚያ ዘመን ጢሱ ከየት እንደሚመጣ አፉን ሞልቶ የሚናገር ማን ነበር?

እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ሌላ ነው። በዚህች ከተማ ከሰው በፊት ሶኬት ሰላም የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ለልጃችሁ ልደት ትጠሩታላችሁ፤ እጁን ለሰላምታ ይዘረጋል፣ ዓይኑ ግን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። «ይሄ ገመድ ምንጣፍ ሥር ምን ይሠራል?» ይላል። ሰው ሞቶባችሁ ሊያጽናና ይመጣል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ገና ሳይቀመጥ «ይቺን አምፖል በባዶ ሽቦ ያንጠለጠላት ማነው?» ይላል። መልስ ካልሰጣችሁት ለቅሶውን አቁሞ ወንበር ላይ ይወጣል።

ቦሌ፣ ሩዋንዳ ከሚባለው ጀርባ የነበረችው የእኛ ሰፈር የዚህ ዓይነት ሰው ድርሻዋ ጋሽ ላጲሶ ነበሩ። እኛ ልጆቹ «ሊቀ ጠበብት ዘኮረንቲ» እንላቸው ነበር፣ በሌሉበት። አውሮፕላን ማረፊያው ወርክሾፕ ውስጥ የአውሮፕላን ሽቦ ይጠግናሉ። አጭር ናቸው፤ ግራጫ ቱታ ይለብሳሉ፤ ከትከሻቸው የማይወርድ የሸራ ቦርሳ ነበራቸው። በቦርሳው ውስጥ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጥቁር ሽፋን ያላት ደብተርና አንድ ጥቅል ቀይ ሪባን አለ። እዚያ ወርክሾፕ ሕግ ነበረ አሉ፦ የተበላሸ ዕቃ ላይ ቀይ ሪባን ይታሰራል፤ ያሰረው ሰው ራሱ እስኪፈታው ድረስ ማንም አይነካውም። ጋሽ ላጲሶ ይህን ሕግ ማንንም ሳያማክሩ በሰፈራችን ላይ አወጁት።

ብሂላቸው አንድ ነበረች። «ዝም ያለውን ሽቦ ፍሩ፤ የሚጮኸውንማ ድመትም ይሸሸዋል።»

እትዬ የሻሽወርቅ ከአስመራ ያስመጡት ፍሪጅ ነበራቸው። በባዶ እግሩ የከፈተውን ሁሉ ይነዝራል። እሳቸው ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም፤ በላስቲክ ጫማ ሆነው እየከፈቱ «ተዉት፣ ቤቱን ይጠብቅልኝ። ይሄ ፍሪጅ ከገባ ጀምሮ ሥጋዬ ጎድሎ አያውቅም» ይሉ ነበር።

«እትዬ፣» አሉ ጋሽ ላጲሶ ሪባናቸውን እየፈቱ፣ «ውሻ እንኳን ባለቤቱን ያውቃል። ኮረንቲ ዘመድ የለውም።»

ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው የብረት ቧንቧ ቀበሩና ከፍሪጁ ጋር በሽቦ አገናኙት፤ ሾልኮ የሚወጣው ኮረንቲ ሰውን ትቶ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። ሲሄዱም «በጋ በጋውን ውሃ ያጠጡት፤ መሬቱ ከደረቀ አይሠራም» ብለው አዘዙ። እትዬ የሻሽወርቅ በየማለዳው ጤና አዳማቸውን አጠጥተው ሲያበቁ ብረቱንም ያጠጡ ጀመር። ይህን በአጥር ያየ ሰው ለቀበሌ ተናገረ። ያን ጊዜ በጓሮ የተቀበረ ብረት ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቃላችሁ። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ቆፈሩ፣ ቧንቧ አገኙ፣ ጋሽ ላጲሶ ተጠሩ። መልሰው ቀበሩትና ለአንደኛው ጠባቂ የውሃውን ጣሳ አቀበሉት። «አንተ የነቀልከውን አንተ አጠጣው» አሉት። አጠጣው።

አቶ ገመዳ የሚባሉ ጎረቤታችን ደግሞ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰው ናቸው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው ይሰኩበታል። በዚህም ብልኃታቸው በየድግሱ ይኮራሉ። ጋሽ ላጲሶ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው መዘው አወጡና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አቶ ገመዳ፣ ፊውዝ ማለት ስለ ቤቱ የሚሞት ነው። እርስዎ እምቢ አልሞትም የሚል አስቀመጡበት። እንግዲህ መሞቱ ካልቀረ ማን ይሙት? አምስት ልጅ አለዎት፣ ይምረጡ።»

አቶ ገመዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጋራም ተዉ ይባላል። ይህን ግን አላረጋገጥኩም።

በአንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ሊቀመንበሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሰርጎ ገቦች ተናግሮ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «አስተያየት ያለው?» አለ። እንዲህ ሲባል ማንም አስተያየት እንደማይኖረው የታወቀ ነው። ጋሽ ላጲሶ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማይክሮፎኑ የመሬት ሽቦ የለውም። እጅዎም አልቦታል። ሊገድልዎት ይችላል።»

«ሊገድልዎት ይችላል» የሚለው ቃል በዚያ አዳራሽ ወደ ሊቀመንበሩ አቅጣጫ ተልኮ አያውቅም። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን አየ፣ እጁን አየ፣ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስብሰባው በአሥር ደቂቃ ውስጥ አለቀ።

ጋሽ ላጲሶ ይታሰራሉ ብለን ስንጠብቅ፣ በማግስቱ የቀበሌውን ሽቦ በሙሉ እንዲጠግኑ ተሾሙ። ጥርጣሬው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። እንዲያ ተናግሮ በሰላም የሚገባ ሰው የማን ሰው ነው? ጽሕፈት ቤቱ ሲገቡ ይታያሉ፤ ሲወጡ ይታያሉ። ከዚያ ወጥተው በቀጥታ ቤታችን ይገባሉ፤ ግድግዳችንን ይመረምራሉ፤ አልጋ ሥር ጎንበስ ይላሉ፤ በጥቁሯ ደብተር ይጽፋሉ።

«ሽቦ ለማየት ደብተር ምን ያደርጋል?» አሉ ከእኛ ሦስት ቤት ወዲያ የሚኖሩት አቶ ኢስሐቅ፣ ከአባቴ ጋር በር ላይ ቆመው።

«እኔስ እሱን ነው የምለው» አለ አባቴ።

«እኔ ከእንግዲህ አላስገባም። ገብረየስ፣ አንተም አታስገባ።»

አባቴ የሚፈራበት በቂ ምክንያት ነበረው። ገብረየስ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዓለምን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ሳሎናችን ውስጥ፣ በውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ ጠርሙሶች ያሉት፣ የኋላ ክዳኑ የጠፋ ትልቅ ሬዲዮ ነበር። አባቴ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን መርፌውን ወደ ውጭ አገር ጣቢያ ያዞርና ድምፁ ለጎረቤት እንዳይሰማ ራሱንም ሬዲዮውንም በአንድ ጋቢ ይሸፍናል። ከውጭ ስታዩት ሁለት ራስ ያለው ሰው ይመስላል። እንዲህ ያለውን ጣቢያ ሲያዳምጥ የተያዘ ሰው የት እንደሚገባ እናውቅ ነበር፤ መቼ እንደሚወጣ ግን አናውቅም።

በዚያ በኅዳር ወይም በጥር ቀን ጋሽ ላጲሶ ሳይጠሩ መጡ። ሬዲዮውን አዩ። የተላጠውን ገመድ አዩ። ከዚያ በወንበሩ መደገፊያ ላይ የተጣለውን ጋቢ አነሱና መሃሉ ላይ ያለውን ቡናማ ቃጠሎ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ በምን ተቃጠለ?»

«በካውያ ነው» አለች እናቴ ፀሐይነሽ፣ ሳትተነፍስ።

«የካውያ ቃጠሎ ጫፉ ሹል ነው፣ እመቤቴ። ይሄ ክብ ነው።»

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የማነብ መስዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ጋሽ ላጲሶ የሬዲዮውን ፊት ተመለከቱ። መርፌው ትናንት የቆመበት ላይ ነበር፣ መቆም የሌለበት ላይ። ጥቁሯን ደብተር አወጡ፣ ጻፉ። ከዚያ ፒንሳቸውን መዘዙና ቀጭ! ስፒናውን ከገመዱ ቆርጠው ኪሳቸው ከተቱት። በሬዲዮው ቁልፍ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩ።

«እኔ ሳልፈታው አይነካም» ብለው ወጡ።

ከቤታችን ወጥተው የአቶ ኢስሐቅን በር ሲያንኳኩ ሰማን። «ስለ ሽቦው ነው! ስለ ሽቦው ብቻ ነው!» አሉ። ከውስጥ «ሽቦዬ ደህና ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። በማግስቱም አንኳኩ። በሦስተኛውም ቀን አንኳኩ። አልተከፈተም።

እኛ ቤት ለቅሶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። እናቴ ለአባቴ ብርድ ልብስና ሹራብ በፌስታል አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች፤ ሲወስዱት እንዳይበርደው። እኔ «መርፌውን እንመልሰው» አልኩ። አባቴ እጄን ያዘኝ። «አይተው ጽፈዋል! አሁን ብንመልሰው ማመናችን ነው። አትንኪው!» ሦስት ቀን ሙሉ ያን ቀይ ሪባን እንደ እባብ እየዞርነው አለፍን።

በአራተኛው ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አሰሳ ሆነ። ሦስት ጠባቂዎች ገቡ። ቁምሳጥኑን ገለበጡ፣ ፍራሹን አነሱ። አንደኛው በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ሄዶ መዳፉን ከጀርባው ላይ አሳረፈ፤ እየሞቀ እንደሆነ ሊያውቅ ነው። ቀዝቃዛ ነበር። ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየ።

«ይሄ የማን ጣቢያ ነው?»

አባቴ በሩ አጠገብ ወዳለው ፌስታል ተመለከተ።

«ያልተሰካ ሬዲዮ ምን ጣቢያ አለው፣ ልጄ?» አለች እናቴ። ገመዱን ጎትታ ጫፉን አሳየችው። ስፒና የለውም። ሁለት ራቁት ሽቦ።

«ሪባኑን ማን አሰረው?»

«አቶ ላጲሶ።»

ሦስቱም ሳቁ። «ያ ሰውዬ! የእኛንም ማይክሮፎን ሁለት ሳምንት አስሮብናል!» ወጡ። የአቶ ኢስሐቅ ሬዲዮ ግን ሞቅ ያለ ነበር። ወሰዷቸው፤ ከሰባት ወር በኋላ ነው የተመለሱት፣ በግራ ጆሯቸው መስማት ተስኗቸው።

ሳምንት ቆይተው ጋሽ ላጲሶ ስፒናውን ይዘው መጡ። ገመዱን ቀየሩ፣ ከተበሳሳ ቆርቆሮ ለሬዲዮው የኋላ ክዳን ሠሩ፣ ሪባኑን ፈቱ። ደብተሯን ገልጠው የእኛን መስመር ሲሰርዙ ከትከሻቸው በላይ አነበብኩ፦ «ገብረየስ። ሬዲዮ። ክዳን የለውም። ገመድ የተላጠ።» ስለ ጋቢው የለም። ስለ መርፌው የለም።

«አቶ ገብረየስ፣ ከእንግዲህ ጋቢ አያልብሱት፤ የሚሞቅ ነገር መተንፈሻ ይፈልጋል። ድምፁን መቀነስ ይበቃል» አሉ። ከዚያ መርፌውን በራሳቸው እጅ ወደ አገር ውስጡ ጣቢያ ገፉት። «ሰምተው ሲጨርሱ ሁልጊዜ እዚህ ይመልሱት። ወዲያ ማዶ ካደረ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይላላል።»

አባቴ እስኪሞት ድረስ መርፌውን ሳይመልስ ተኝቶ አያውቅም፤ ስለ ስፕሪንጉ ሲል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ተማርኩ። በሁለተኛው ዓመት ያን ሬዲዮ ፈትቼ ውስጡን አየሁት። የሚላላ ስፕሪንግ የለም። መርፌው የትም ቢያድር ሬዲዮው አይጎዳም። ቁጭ ብዬ የጋሽ ላጲሶን ምክር ሁሉ አንድ በአንድ መረመርኩ፦ የፍሪጁን፣ የፊውዙን፣ የማይክሮፎኑን፣ የጋቢውን። ሁሉም ትክክል ነው። በሕይወታቸው አንድ ስሕተት ተናግረዋል፤ እሱንም ለአባቴ ነው የተናገሩት።

ታዲያ ያውቁ ነበር? አሰሳው እንደሚመጣ ከማን ሰሙ? የእነሱ ሰው ስለሆኑ ነው ወይስ የቀበሌውን ሽቦ ሲጠግኑ ጆሯቸውን ስላልደፈኑት? እትዬ የሻሽወርቅን ጠየቅኩ፤ አቶ ገመዳን ጠየቅኩ፤ በዚያ ሳምንት የእኛንና የአቶ ኢስሐቅን በር እንጂ ሌላ በር አላንኳኩም። ወይስ በሰፈሩ ሳይጠገን የቀራቸው ሁለት የተላጠ ገመድ ብቻ ነበር? ያንን ዘመን የኖረ ሰው ለደግነት እንኳ ማስረጃ ይፈልጋል።

በ1981 ዓ.ም. ሐምሌ ይመስለኛል፣ ዝናብ ነበር፣ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። እኔ አዲስ ቴፕ ገዝቼ ካርቶኑን ታቅፌአለሁ። ያ ቴፕ ዛሬም መደርደሪያችን ላይ አለ፤ አንድም ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ባለቤቴ ነህምያ «የማይሠራ ዕቃ እስከ መቼ?» ይለኛል። ይሠራል እኮ።

«የገብረየስ ልጅ!» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ካርቶኑ ላይ ነው። «ክፈቺው።»

በመንገድ ላይ፣ በዝናቡ፣ በቱታቸው ከልለው ስፒናውን መረመሩ። «ይሄ ሦስተኛ እግር የለውም። የመሬት ሽቦ ሳልሠራልሽ እንዳትሰኪው።» ከኪሳቸው ቀይ ሪባን አወጡና አሰሩት። ዛሬ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ጡረታ ወጥተው ነገ ሶዶ፣ አገራቸው ይገባሉ። «ለመስቀል ስመጣ እፈታዋለሁ።»

«አባቴ ካረፈ ዓመት ሆነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ሬዲዮውስ?» አሉ።

«አለ። መርፌውን እመልሳለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከሰው በፊት ሶኬት የሚያዩት ጋሽ ላጲሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከምኩት ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ጋሽ ላጲሶ...»

የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ውሃ እየረጨ መጥቶ ቆመ። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተሳፈሩ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ዘወር አሉ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ካርቶኑ።

«እኔ ሳልፈታው አይነካም!» አሉና ሄዱ።