የጀርመኑ ቤት ምሰሶ

[ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። በነጭ ግድግዳው ላይ ጥቁር እንጨቶች ወዲያና ወዲህ የተላለፉበት ቤት። ኪራኮስ በዚያ ሲያልፍ አንዱ እንጨት ተላቆ የባለቤቲቱ አበቦች ላይ ሊወድቅ ሲል አይቶ በሁለት እጁ ደግፎታል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛው ፍሰሐ ይህን ደግነት ከመኪናው ሆኖ አይቶ ወርዷል።]

ፍሰሐ፦ እንዳትለቀው ነው የምልህ።

ኪራኮስ፦ እናቴ ዱለስ አየር ማረፊያ ደርሳለች። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ብቻዋን ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። ለአበቦቹ ብዬ ነው የያዝኩት፤ ሣሩ ላይ ላጋድመውና ልሂድ።

ፍሰሐ፦ አበባ ትላለህ፣ የያዝከው ቤት ነው። የጀርመን ጥንታዊ አሠራር ነው ይሄ። አምስት መቶ ዓመት የቆሙ አሏቸው። ቤቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ግድግዳው መሙያ ነው።

ኪራኮስ፦ በምን ይሞሉታል?

ፍሰሐ፦ ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፍና በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል።

ኪራኮስ፦ የአያቴ ቤት ነዋ።

ፍሰሐ፦ የአያትህ ጭቃ ቤት ነው። ይሄ ሥነ ሕንፃ ነው።

ኪራኮስ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ፍሰሐ፦ ይሄኛውን ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል።

ኪራኮስ፦ [ጎንበስ ብሎ] ምሰሶ ከሆነ ታዲያ ለምን መሬት አልነካም?

ፍሰሐ፦ ምስጥ እንዳይበላው። ጀርመኖች አርቀው ያስባሉ።

ኪራኮስ፦ ምስማርም የለው። ጀርባው ላይ ማጣበቂያ ነው የማየው።

ፍሰሐ፦ ድሮም ምስማር አይወዱም። እንጨትን ከእንጨት ነው የሚያጋጥሙት።

ኪራኮስ፦ ደግሞ ቀላል ነው። ይኸው፣ በአንድ እጄ።

ፍሰሐ፦ ሸክሙን ለሌሎቹ አካፍሎ ነዋ። ምሕንድስና ማለት ይሄ ነው።

ኪራኮስ፦ እንግዲያው አንተ ያዘውና እኔ እናቴን ላምጣ።

ፍሰሐ፦ እኔን ወገቤን ያመኛል።

ኪራኮስ፦ ጌታ ሆይ፣ ውስጥ ሰው ካለ አንተ ጠብቀው።

[እንጨቱን ሣሩ ላይ ያጋድመዋል። ፍሰሐ መንገዱን ተሻግሮ መኪናው ኋላ ተደብቋል። ቤቱ እንደቆመ ነው።]

ኪራኮስ፦ ና ውጣ። ለጌጥ የተለጠፈ ጣውላ ነው፤ ከኋላው ግድግዳው ሙሉ ነው። በል፣ ሄድኩ።

ፍሰሐ፦ [ቀስ ብሎ ብቅ እያለ] ኪራኮስ፣ ወንድሜ፣ ከዱለስ ስትመለስ አሌክሳንድሪያ፣ እኛ ቤት ጎራ ትልልኛለህ?

ኪራኮስ፦ ምን ልሠራ?

ፍሰሐ፦ የኛም ቤት እንዲሁ ነው። አናጢ ፈልጌ እስክመጣ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ባለቤቴን አብርሆትን አንዱን እንጨት አስይዣታለሁ። እንዳልደውልላት፣ ስልክ የምታነሳበት እጅ የላትም። ልቀቂው በልልኝ። እናትህንም ይዘሃቸው ግባ፤ እንግዳ ፊት አትቆጣም።