የሊቀ ጠበብቱ ትርፍ ብሎኖች

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያልተጠሩ ሐኪም አይጠፉም። አልተማሩበትም፣ አልተቀጠሩበትም፤ ግን አንድ ስክሪን ይጥቆር እንጂ ካሉበት ፎቅ ሸቷቸው ይወርዳሉ።

የዚህኛው ቤት ሐኪም የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሠራተኛው በፊታቸው “ጋሼ”፣ ዞር ሲሉ “ሊቀ ጠበብት” ይላቸዋል። ከደረት ኪሳቸው ካቻቢቴና ላጲስ አይለይም። የሚያውቁት በሽታ አንድ ነው፤ ቫይረስ። ፕሪንተሩ ወረቀት ቢያኝክ ቫይረስ፣ ሞኒተሩ ከሶኬት ቢነቀል ቫይረስ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ኪቦርዷ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ስትደፋ ሰው ሁሉ እያየ፣ “ሻዩ ሰበብ ነው እህቴ፤ ውስጡ የቆየ ቫይረስ ነበረበት” ብለዋታል። እሷም ሞኝ፣ አመነቻቸው።

የፈቱትን ሲገጥሙ ደግሞ ሁልጊዜ ብሎን ይተርፋል። እሳቸው ምን ቸገራቸው! “ይኼ ትርፍ ነው፤ ፋብሪካው አብዝቶት ነው” ይሉና ጠረጴዛቸው ላይ ያለ የማር ጠርሙስ ውስጥ ይጥሉታል። ጠርሙሱ ሊሞላ ሁለት ጣት ቀርቶታል። የቤቱ ኮምፒውተሮች በምን ተያይዘው እንደቆሙ እንጃ።

በእሳቸው ነገር ከሁሉም በላይ አንጀቷ የሚያርረው ጸሐፊዋ ናት። ይህቺ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ አባቷ ታሪካቸውን ሲነግሯት በችኮላ እየጫረች፣ በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ቁጭ ብላ ስትተይበው ኖራለች። ተይባ የጨረሰችውን ወረቀት ቀዳድዳ ትጥላለች። እሑድ እህት ወንድሞቿ ተሰብስበው ልታነብላቸው ቀጠሮ ይዛለች። አባቷ ደግሞ “ከእንግዲህ አልደግመውም፤ ደክሞኛል” ብለዋል። ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስታበራው ቀጭ፣ ቀጭ ከማለት በስተቀር አልነሣም አለ።

“ቆይ፣ አትንኪው!” ሊቀ ጠበብት በሩ ላይ ቆመዋል።

“ጋሼ፣ በእናትዎ ይተዉት። ባለሙያ ተጠርታለች።”

“ባለሙያ? እኔ ታዲያ እዚህ ምን ልሠራ ነው የቆምኩት?”

እሷም በሆዷ ይህንኑ እየጠየቀች ነበር። እሳቸው ግን ሲፒዩውን ፈትተው፣ ራሙን ነቅለው፣ በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርገው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ! አሉበት። የስንት ዓመት አቧራ ሄዶ ሻይዋ ውስጥ ገባ። መልሰው ገጠሙት። ቀጭ፣ ቀጭ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብሎን ተርፏል።

“ቫይረሱ ዲስኩ ውስጥ ሥር ሰዷል። ፎርማት ይደረግና...”

“አባቴ እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው!” ብላ ጮኸች። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አያት። ሊቀ ጠበብትም ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሹልክ ብለው ወጡ። ጎሽ፣ ሲያበላሹ እንጂ ሲታረሙ ማን ያገኛቸዋል!

ባለሙያዋ መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። “ዲስኩ አርጅቶ ሞቷል። ከውስጡ የሚወጣ ነገር የለም።”

“ሰውዬው ሲፈቱት ነው አይደል?”

“ኧረ አይደለም። እሳቸው ምንም አላበላሹም። ምንም አልጠገኑም እንጂ።”

ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አንድ የቁልፍ ዘለላ ኳ ብሎ ከፊቷ ሲያርፍ ቀና አለች። ከንብረት ክፍሉ ቁልፎች መሀል ትንሽ ፍላሽ ተንጠልጥላለች።

“ያባትሽ ነገር እዚህ አለ” አሉ ሊቀ ጠበብት፣ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ። “ባለፈው ወር ቫይረስ ላጸዳልሽ ስመጣ ቀድቼዋለሁ። የሰው ኮምፒውተር ሳልቀዳ አልነካም። ድሮ የአንዲትን እናት የልጇን ፎቶዎች አጥፍቼባታለሁ። ሌላ አልነበራትም።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ሳላስፈቅድ የሰው ነገር ቀዳሁ ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ አላነበብኩትም።” የደረት ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። “ያቺን ገጽ፣ አባትሽ የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ የፈቱባትን ብቻ። ሁለት ጊዜ።”

ከዚያ ወዲህ የተየበቻቸው የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ገጾች አልተገኙም። የቀረው ሁሉ አለ። ተነሥታ አቀፈቻቸው፤ ካቻቢቴያቸው ደረቷን ወጋት።

እሑድ አነበበች። ስትጨርስ ስለጠፉት ገጾችና ስለ ሊቀ ጠበብት ነገረቻቸው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ “ስንት ብሎን ተረፋቸው?” አሉ።

“ሦስት።”

“ደህና ናቸው። ከእኔ ሬዲዮ ዘጠኝ ነበር የተረፈው።” ሳቁና ወደ እሷ ዞሩ። “በይ ወረቀት አምጪ፤ የጠፋውን ልድገምልሽ።”

ሰኞ አዲስ ኮምፒውተር ተተከለላት። እንደ ሰዓት ይሠራል። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና፣ “ቆይ፣ አትንኪው! ይኼ ድምፁ አላማረኝም፤ ቫይረስ ነው” አሉ ሊቀ ጠበብት።

ምንም አልሆነም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ሻይዋን በሰሐን ከደነችና ወንበር ሳበችላቸው።