የካሜራውን ጀርባ የሚያይ ሰው

ዲጂታል ካሜራ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመለየት አይቸግርም። አንድ ፎቶ ባነሳ ቁጥር ካሜራውን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። እኔ ቡታጅራ ሙያውን የተማርኩት በፊልም ካሜራ ነው፤ እዚያ ጀርባውን ከከፈትክ ፊልሙ ተቃጠለ ማለት ነው። ስለዚህ አስቤ አነሳለሁ፣ አንስቼም እጠብቃለሁ።

አብሮኝ የተማረው ጀማል ግን ዲጂታል ከገዛ ወዲህ መጠበቅ የሚባል ነገር እርግፍ አድርጎ ተወ። ለአረፋ የሐጂ ሙደሲር ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ከአባታቸው ጋር እንዲያነሳቸው ጠሩት፤ እኔም ካሜራዬን አንግቼ አብሬው ሄድኩ። ጀማል አንድ አነሳና "እዩት" አለ። እዚህ ላይ ተሳሳተ። በዚያ ግቢ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ ለትልቅ ነው የሚቀርበው። ካሜራው ከሐጂ ተነስቶ በዕድሜ ተራ ወረደ፤ የመጨረሻዋ ምራት ጋ ሲደርስ "ዓይኔን ጨፍኛለሁ" አለች። ጀማል አጠፋውና እንደገና አነሳ። ካሜራውም እንደገና ከሐጂ ጀመረ። አሁን ደግሞ አንዱ ልጃቸው ቦርጩን አልወደደውም፤ ይኸኛውም ጠፋ።

እንዲህ እንዲህ ሲባል ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ የሚመልሳቸው ሚኒባስ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል።

"ልጆቼ አብረውኝ ሳይነሱ ሊሄዱ ነው" አሉ ሐጂ።

ሁሉም ትንሿን ስክሪን ከበው አንገታቸውን እንደደፉ፣ በፊልም አነሳኋቸው። ጀማል የመጨረሻውንም አጥፍቶ ባዶ ካሜራ ይዞ ወጣ።

የእኔዋ ፎቶ ዛሬም ሐጂ ሳሎን ተሰቅላለች። እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያያትና "ሐጂ፣ ዱዓ ላይ ናችሁ እንዴ?" ይላቸዋል።

"የለም" ይላሉ፤ "ፎቶ እየተነሳን ነው።"